በኒው ዮርክ የመኪና አደጋ ክስ፦ ነባር ሕመም እያለብዎት «ከባድ ጉዳት» መድረሱን እንዴት ያስረዳሉ

በኒው ዮርክ ብዙ የመኪና አደጋ ክስ የሚወድቀው ጥፋተኛው ማን ነው በሚለው ላይ አይደለም። ቆሞ ሳለ ከኋላው የተገጨ፣ ጥፋቱ የሌላው መሆኑን ማንም ያልካደበት፣ የአከርካሪው ዲስክ መውጣቱን የሚያሳይ ኤምአርአይ በእጁ የያዘ ሰው መዝገቡ ተዘግቶበት ይመለሳል። አንድም ጉዳቱ ሕጉ «ከባድ» ከሚላቸው ውስጥ መግባቱን አላስረዳም፤ አለዚያም ተከሳሹ «ይህ ሕመም ዱሮም ነበረበት» ሲል የከሳሹ ሐኪም መልስ አልጻፈም። ይህ መመሪያ የሚያተኩረው ከሁለቱ በሁለተኛው ላይ ነው። ነባር ሕመም ክስ አይገድልም። ክስ የሚገድለው የተደበቀ ነባር ሕመም ነው፤ ሐኪሙ እያየ በዝምታ ያለፈውም እንዲሁ።

ከመጀመርዎ በፊት

ከዚህ በታች ያለው ኒው ዮርክ ውስጥ ለደረሰ አደጋ ነው። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ እንዲህ ያለ የ«ከባድ ጉዳት» ገደብ የላቸውም፤ እዚያ የሚያስፈራው ተጎጂው ጥቂት ጥፋት ቢኖርበት እንኳ ካሳውን የሚያስቀር ደንብ ነው። ኒው ጀርሲ ደግሞ በኢንሹራንስ ፖሊሲው ላይ በተመረጠው ዓይነት የሚወሰን የራሱ ገደብ አለው። የአደጋውን ቦታ ለጠበቃዎ በመጀመሪያው ስልክ ይንገሩ። ሕጉ ሊሻሻል ስለሚችልም አደጋው በደረሰበት ቀን ይሠራ የነበረው የትኛው እንደሆነ ጠበቃዎ ያረጋግጥልዎ።

ደረጃ 1፦ ጉዳትዎ የሚገባበትን ምድብ ይለዩ

የኒው ዮርክ የኢንሹራንስ ሕግ አንቀጽ 5102 ንዑስ አንቀጽ ዲ ዘጠኝ ምድቦችን ይዘረዝራል፦ ሞት፣ የአካል መቆረጥ፣ ጉልህ የመልክ መበላሸት፣ ስብራት፣ የጽንስ መጥፋት፣ የአንድ አካል ወይም የሰውነት ሥራ ለዘለቄታው መጥፋት፣ ዘለቄታና ክብደት ያለው የአካል ውስንነት፣ ጉልህ የሆነ የሰውነት ሥራ ውስንነት፣ እና በተለምዶ «90/180» የሚባለው (ደረጃ 8 ላይ ተብራርቷል)። ከእነዚህ ወደ አንዱ ካልገቡ የሕመምና የሥቃይ ካሳ መጠየቅ አይችሉም። የሕክምና ወጪና የደመወዝ ማካካሻ ግን እስከ 50,000 ዶላር ድረስ፣ ጥፋተኛው ማንም ይሁን ማን፣ በ«ኖ-ፎልት» ኢንሹራንስ ይሸፈናል።

ስብራት ካለ ነገሩ ይቀላል፤ ስብራት በራሱ ምድብ ስለሆነ የእንቅስቃሴ ውስንነት ማስረዳት አይጠበቅብዎትም። ከአንዱ ምድብ መግባትዎ ከተረጋገጠ ደግሞ በዚያው አደጋ ለደረሱብዎት ሌሎች ጉዳቶችም ካሳ ይጠየቃል። ስለዚህ የጀርባ ሕመምዎን ሲያስቡ የተሰበረችውን ትንሽ የእጅ አጥንት አይርሷት። ስብራቱ ያረጀ አለመሆኑን ግን የራጅ አንባቢው በግልጽ ይጻፍ።

ነባር ሕመም ያለበት ሰው ትግሉ ሁሉ በመጨረሻዎቹ ሦስት ምድቦች ላይ ነው። «ለዘለቄታው መጥፋት» የሚለውን ተስፋ አያድርጉበት፤ የግዛቲቱ የመጨረሻ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2001 መጥፋቱ ሙሉ በሙሉ መሆን አለበት ብሎ ወስኗል።

ደረጃ 2፦ የመጀመሪያዎቹን 30 ቀናት አያባክኑ

1. በዚያው ቀን፣ ቢዘገይ በማግስቱ ኢመርጀንሲ ወይም ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ከሦስት ሳምንት በኋላ የተጀመረ ሕክምና «አደጋው ያመጣው አይደለም» ለሚል ሰው በር ይከፍታል።
2. የሚያምዎትን ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ይናገሩ። ትከሻዎ መጀመሪያ የተጠቀሰው በሦስተኛው ወር ከሆነ ትከሻውን ከክሱ ጋር ማያያዝ እጅግ ይከብዳል።
3. የኖ-ፎልት ማመልከቻውን፣ ኤንኤፍ-2 የሚባለውን ቅጽ፣ በ30 ቀን ውስጥ ለተሳፈሩበት መኪና ኢንሹራንስ ይላኩ። እግረኛ ከነበሩ ለገጨዎት መኪና ኢንሹራንስ ይላካል። ቅጹ ላይ ከዚህ በፊት ተመሳሳይ ሕመም ነበረዎት ወይ የሚል ጥያቄ ቢመጣ እውነቱን ይጻፉ፤ ይህ ወረቀት ከሁለት ዓመት በኋላ በመሐላ ሲጠየቁ ፊትዎ ላይ ይቀርባል።
4. ገጭቶ ያመለጠ ከሆነ በ24 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ ያመልክቱ።
5. ሥራ ላይ እያሉ ከሆነ ቅድሚያ የሚከፍለው የሠራተኛ ካሳ ነው። የአፕ ታክሲ ሹፌሮች ለሹፌሮች የሠራተኛ ካሳ የሚሸፍነው ብላክ ካር ፈንድ ይመለከታቸው እንደሆነ ይጠይቁ። እዚያ የሚሰጡት ቃልም ወደ ክሱ መዝገብ እንደሚመጣ ይወቁ።

ማስጠንቀቂያ፦ የራስዎ ኖ-ፎልት ኢንሹራንስ ሲጠራዎት መቅረት ሽፋኑን ሊያሳጣዎት ይችላል። የገጨዎት ሰው ኢንሹራንስ ደውሎ «ድምፅዎን እየቀዳን ጥቂት ጥያቄ» ሲል ግን ያለ ጠበቃ የመመለስ ግዴታ የለብዎትም። ብዙ ሰው ሁለቱን ይቀላቅላል።

ለመክሰስ ያለው ጊዜ በመደበኛው ሦስት ዓመት ነው። የገጨዎት የከተማው መኪና ከሆነ በ90 ቀን ውስጥ የጽሑፍ ማስታወቂያ ማስገባት፣ ክሱንም በአንድ ዓመት ከ90 ቀን ውስጥ መክፈት ያስፈልጋል። የሕዝብ አውቶቡስና ባቡር ድርጅቶች ጊዜ ከዚህም ሊያጥር ስለሚችል ቶሎ ያጣሩ።

ደረጃ 3፦ ነባሩን ሕመም ራስዎ ቀድመው ያውጡት

ኢንሹራንስ ኩባንያዎች የቆዩ የካሳ ጥያቄዎችን የሚፈልጉበት የጋራ የመረጃ ቋት አላቸው። ክስ ሲከፈት ደግሞ ለቆዩ ሐኪሞችዎ የሂፓ ፈቃድ፣ ማለትም የሕክምና መዝገብዎ እንዲሰጥ የሚያስችል ፈቃድ፣ እንዲፈርሙ ይጠየቃሉ። ስለዚህ ለምሳሌ በ2016 የወሰዱት የወገብ ፊዚዮቴራፒ መገኘቱ አይቀርም፤ ቁም ነገሩ ማን ቀድሞ ጠረጴዛ ላይ ያኖረዋል ነው።

አንድ ወረቀት ይያዙና እነዚህን በዓመት በዓመቱ ይሙሉ፦

- በዚያው የሰውነት ክፍል ላይ ሐኪም የታየበት ማንኛውም ጊዜ፣ የሐኪሙ ስም፣ የተሰጠ መድኃኒት
- የቆየ የመኪና አደጋ፣ የሥራ ላይ ጉዳት፣ መውደቅ፣ የእግር ኳስ ጉዳት
- የተነሳ ራጅ፣ ሲቲ፣ ኤምአርአይ፣ የተነሳበት ቦታ ጭምር
- ሕክምናው ያበቃበት ቀን
- ካበቃ በኋላ ሳይታመሙ የኖሩበት ጊዜና በዚያ ጊዜ ይሠሩት የነበረው ሥራ

የመጨረሻዎቹ ሁለት መስመሮች ከሁሉ ይበልጣሉ። በ2016 ወገቡን ታክሞ፣ በ2017 ሕክምናውን ጨርሶ፣ ከዚያ ወዲያ አምስት ዓመት በቀን አሥር ሰዓት ሲነዳ የኖረ ሰው፣ ነባር ሕመሙ ተኝቶ እንደነበር ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለውም። በእነዚያ አምስት ዓመታት ዓመታዊ ምርመራ አድርገው ከነበረ ያንንም መዝገብ ያስመጡ። «የወገብ ሕመም የለም» የምትል አንዲት መስመር ከብዙ ምስክር ትበልጣለች።

የምስሎቹን ንባብ ብቻ ሳይሆን ምስሎቹን ራሳቸውን በሲዲ ይጠይቁ። ሆስፒታሎች የቆየ ምስል የሚያስወግዱበት ጊዜ ስላለ በመጀመሪያው ወር ይጠይቁ።

*የኢትዮጵያ ሰነድ ካለዎት።* የሐኪም ካርዱ በእንግሊዝኛ ቢጻፍም ቀኑ በብዙ ቦታ በእኛ አቆጣጠር ነው። «2010» የሚል የሐኪም ወረቀት 2017 ወይም 2018 መሆኑን ተርጓሚው በጽሑፍ ካላብራራ፣ የተከሳሹ ጠበቃ የሕክምና ታሪክዎን ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ገፍቶ ያነበዋል፤ የእርስዎም ቃል ከወረቀቱ ጋር የተጋጨ ይመስላል። ወጌሻ ታሽተው ከነበረ፣ ጸበል ገብተው ሕክምና አቋርጠው ከነበረም ለጠበቃዎ ይንገሩ። ወረቀት የለውም ተብሎ የሚዘለል ነገር አይደለም።

ደረጃ 4፦ ሐኪም ፊት ሲቀመጡ

ነርሷ «እንዴት ነዎት» ስትል «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» የሚለው ሰላምታችን በካርዱ ላይ «ታካሚው ደህና መሆኑን ገለጸ» ሆኖ ሊገባ ይችላል። ሁለት ዓመት ቆይቶ ችሎት ላይ ሲነበብ ሰላምታ ነበር ብሎ ማስረዳት አድካሚ ነው። በቀጥታ ወደ ሕመሙ ይግቡ፦

1. የሚያምዎትን ቦታ በጣት ያሳዩ። «እጄን» ብቻ አይበሉ፤ ከትከሻ እስከ ክርን ነው ወይስ መዳፍና ጣቶች? የትኞቹ ጣቶች ይደነዝዛሉ? የሚደነዝዘው ጣት የትኛው የአንገት ነርቭ እንደተነካ ለሐኪሙ ይጠቁመዋል።
2. መጠኑን ከሥራ ጋር ያገናኙት፦ «ከ20 ደቂቃ በላይ መቀመጥ አልችልም»፣ «ልጄን ማንሳት አልችልም»።
3. ነባሩን ሕመም በመጀመሪያው ቀን ይንገሩ፤ ልዩነቱንም ይግለጹ። ለምሳሌ፦ «በፊት ወገቤ ብቻ ነበር፣ በዓመት አንዴ ሁለቴ። አሁን በየቀኑ ነው፣ ወደ ግራ እግሬም ይወርዳል።» ሐኪሙ ይህን መጻፉን ያረጋግጡ።
4. አያጋንኑ። «ከአደጋው በፊት ምንም ነገር አሞኝ አያውቅም» የሚል ዓረፍተ ነገር፣ ሐሰት ከሆነ፣ ከኤምአርአይ የበለጠ ይጎዳዎታል።
5. ልጅዎን ወይም ጎረቤትዎን አስተርጓሚ አያድርጉ። ክሊኒኩን የባለሙያ አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ ብዙዎቹ በስልክ ያገናኛሉ።

ስለ ክሊኒክ ምርጫ አንድ ነገር፦ «አደጋ ደርሶብዎታል? እኛ ዘንድ ይምጡ» እያለ በሰው የሚያስጠራ ቦታን ይሽሹ። ለመቶ ታካሚ አንድ ዓይነት ሪፖርት የሚያወጣ፣ ስምና ቀን ብቻ የሚቀይር ክሊኒክ በዳኞችም በኢንሹራንሶችም ዘንድ ይታወቃል። እውነተኛ ጉዳት ይዘው እንዲህ ያለ ሪፖርት ማቅረብ ማስረጃዎን በገዛ እጅ ማርከስ ነው።

ደረጃ 5፦ ምስልና የነርቭ ምርመራ

ተከሳሹ የሚቀጥረው የራዲዮሎጂ ሐኪም የሚያነሳቸው ቃላት የታወቁ ናቸው፦ የዲስክ መድረቅ፣ የዲስክ መጥበብ፣ ኦስቲዮፋይት ማለትም የአጥንት ጫፍ እድገት፣ ስፖንዲሎሲስ ማለትም የአከርካሪ መበላት። ከ35 ዓመት በላይ ባለ ሰው አከርካሪ ላይ ከእነዚህ አንዱን ማግኘት ከባድ አይደለም። «ይህ ዕድሜ ያመጣው ነው፤ አዲስ ጉዳት የለም» ብሎ ይደመድማል።

ለመዘጋጀት፦

- ሐኪሙ ኤምአርአይ የሚያዝ ከሆነ ቀጠሮውን አያዘግዩ። በአጥንት መቅኒና በጅማት ላይ የሚታየው እብጠት የአዲስ ጉዳት ምልክት ነው፤ በሳምንታትና በወራት ውስጥ ግን ይጠፋል። በዘጠነኛው ወር የተነሳ ምስል እብጠት ባያሳይ ሁልጊዜም እንዳልነበረ ተደርጎ ይቀርባል። እብጠትን አጉልቶ የሚያሳየው «ስተር» የተባለው የአነሳስ ዓይነት መካተቱን ሐኪምዎ ይጠይቅ።
- የቆየ ምስል ካለ አንድ ራዲዮሎጂስት ሁለቱን ጎን ለጎን አንብቦ ልዩነቱን ይጻፍ። «በ2019 ምስል ላይ በዚህ የአከርካሪ ደረጃ ሄርኒየሽን (የዲስክ መውጣት) አልነበረም፤ አሁን አለ» ከሚለው የሚበልጥ ማስረጃ በዚህ ዓይነት ክስ ውስጥ ብርቅ ነው።
- መደንዘዝ ወይም ድካም ካለ የነርቭና የጡንቻ ምርመራ የሆነው ኢኤምጂ ይጠየቅ። ጡንቻ ላይ ያለው ለውጥ ለመታየት ሁለት ሦስት ሳምንት ስለሚፈጅ በመጀመሪያው ሳምንት የተሠራ ምርመራ «ጤነኛ» ሊል ይችላል። እንደዚያ ከሆነ እንዲደገም ይጠይቁ።

*የራስዎ ኤምአርአይ «ዲጄኔሬሽን» (በጊዜ ብዛት የመጣ መበላት) የሚል ቃል ይዞ ከመጣስ?* ሪፖርቱን አይደብቁ፣ አንባቢው እንዲለውጠውም አይጠይቁ። ወደ ደረጃ 11 የሚሄድ ሥራ ሆነ ማለት ነው፤ ሐኪሙ ያንን ቃል ስም ጠርቶ መመለስ አለበት። በ2015 «አልቫሬዝ» በተባለው መዝገብ የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ክሱ መዘጋቱን ያጸናው፣ የራሱ የከሳሹ ሰነዶች ያረጀ የመገጣጠሚያ መበላት እያሳዩ ሐኪሙ ስለዚያ ምንም ባለማለቱ ነው።

ደረጃ 6፦ ውስንነቱ በቁጥር ይለካ

ሄርኒየሽን አለ ማለት ብቻውን ከባድ ጉዳት አይደለም። በ2002 «ቱሬ» በተባለው ውሳኔ ፍርድ ቤቱ ሁለት መንገድ አስቀምጧል፦ ወይ ሐኪሙ የውስንነቱን መጠን በቁጥር ይገልጻል፤ ወይ ደግሞ አካሉ በተለምዶ የሚሠራውን ሥራ ከአሁኑ ጋር አነጻጽሮ፣ ተጨባጭ መሠረት ባለው ሙያዊ ግምገማ ያስረዳል። ሁለቱንም ማድረግ ይመረጣል።

ቁጥሩ እንዲህ ይጻፋል፦ የሰውነት ክፍሉ፣ የእንቅስቃሴው አቅጣጫ፣ የተለካው፣ መደበኛው፣ መለኪያው መሣሪያ። ለምሳሌ፦ «አንገት ወደ ቀኝ መዞር፤ በጎኒዮሜትር 50 ዲግሪ፤ መደበኛው 80፤ የ37.5 በመቶ መቀነስ።» መደበኛው ካልተጻፈ የመጀመሪያው ቁጥር ትርጉም የለውም፤ ብዙ መዝገብ የወደቀው በዚህች ጉድለት ነው። «ቀላል ውስንነት» የሚል ቃል ከሪፖርቱ ላይ ካለም ተከሳሹ በደስታ ይጠቅሰዋል፤ በ1982 «ሊካሪ» ከተባለው ውሳኔ ጀምሮ ትንሽና ቀላል ውስንነት በቂ አይደለም።

ልኬቱ መቼ ይደረግ? በ2011 «ፐርል» በተባለው ውሳኔ፣ ከአደጋው ወዲያው በኋላ በቁጥር የተለካ ማስረጃ የግድ አይደለም ተብሏል፤ ሐኪም መጀመሪያ ሳይለካ ቆይቶ ለክሱ ሊለካ ይችላል። ነገር ግን ከአደጋው ብዙም ሳይቆይ ሕመሙ መታየቱንና ከአደጋው ጋር መያያዙን የሚያሳይ መዝገብ መኖር አለበት። የቅርብ ጊዜ ልኬትም ያስፈልጋል፤ ሁለት ዓመት ያለፈው ልኬት ይዞ መከራከር አደገኛ ነው። በተግባር ሦስት ልኬት ይኑርዎት፦ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ በሕክምናው መሐል፣ እና ተከሳሹ መዝገቡ ይዘጋልኝ ብሎ ባመለከተበት ሰሞን።

ደረጃ 7፦ ሕክምና ከተቋረጠ ምክንያቱ ይጻፍ

ስድስት ወር ታክሞ ከዚያ የጠፋ ሰው «ድኗል» ይባላል። በ2005 «ፖሜልስ» በተባለው ውሳኔ ፍርድ ቤቱ ያለው፣ ሕክምና ያቋረጠ ከሳሽ አሳማኝ ምክንያት ማቅረብ አለበት ነው። ተቀባይነት የሚያገኙት ምክንያቶች የታወቁ ናቸው፦ ሐኪሙ «ተጨማሪ ሕክምና ማስታገሻ ከመሆን አያልፍም» ብሎ ጽፏል፤ ወይም ኖ-ፎልት ክፍያውን አቁሞ ከኪስ መክፈል አልተቻለም። ለሁለተኛው የኢንሹራንሱን የማቋረጫ ደብዳቤ ያስቀምጡ፤ ሌላ የጤና መድን ቢኖርዎትም ያንን አለመጠቀምዎ ይጠየቃል።

ሌላው በእኛ ዘንድ የሚደጋገመው ለለቅሶ፣ ለሠርግ ወይም ለበዓል አገር ቤት ገብቶ ሁለት ሦስት ወር መቆየት ነው። መሄድ ካለብዎት፦ ከመሄድዎ በፊት ለሐኪሙ ይንገሩ፤ በቤት የሚሠራ እንቅስቃሴ ያዝልዎትና በካርዱ ላይ ይጻፈው። እዚያ ሕመሙ ከጠናብዎ ታክመው ወረቀት ይያዙ። ሲመለሱ በመጀመሪያው ሳምንት ቀጠሮ ይያዙ። በረዥም በረራ የተቀመጡበት ሰዓት ራሱ እንደሚጠየቅ ይጠብቁ።

ደረጃ 8፦ 90/180ን የሚጠቀሙ ከሆነ

ይህ ምድብ ዘለቄታ አይጠይቅም። ከአደጋው በኋላ ባሉት 180 ቀናት ውስጥ ቢያንስ 90 ቀን የዕለት ተዕለት ተግባርዎን በአብዛኛው እንዳይሠሩ ያገደዎ፣ በሐኪም የተረጋገጠ ጉዳት ነው። ሁለት ነገር ይፈልጋል፦ በዚያው ጊዜ ውስጥ የተጻፈ የሐኪም ክልከላ («ለስድስት ሳምንት መንዳት የለበትም»)፣ እና በተግባር መቆምዎን የሚያሳይ ሰነድ። ለተቀጣሪ የአሠሪ ደብዳቤና የደመወዝ ወረቀት፤ ለታክሲና ለአፕ ሹፌር የየሳምንቱ የገቢ መግለጫና የጉዞ ዝርዝር።

በሦስተኛው ሳምንት ወደ ሥራ ከተመለሱ ይህን ምድብ ይተዉት። ልጅ ማሳደግ ግድ ብሎት እያመመው የሚነዳ ሰው ብዙ ነው፤ ነውርም የለበትም፤ ግን የጉዞ ዝርዝሩ ሌላ እየተናገረ 90/180ን መሟገት የሌሎቹን ምድቦች ታማኝነት ያጎድላል።

ደረጃ 9፦ «ማባባስ» በክስ ወረቀቱ ላይ ይግባ

ክሱ ከተከፈተ በኋላ ጠበቃዎ ጉዳቶቹን የሚዘረዝር «ቢል ኦቭ ፓርቲኩላርስ» የሚባል ሰነድ ያስገባል። ነባር ሕመም ካለ ሰነዱ ሁለቱንም አማራጭ መያዝ አለበት፦ አደጋው አዲስ ጉዳት አድርሷል፤ ይህ ባይሆን እንኳ ነባሩን፣ ተኝቶ የነበረውን ሕመም ቀስቅሷል፣ አባብሷል። ማባባስ ካልተጠቀሰ በኋላ ላይ ማስረጃ ማቅረብ ሊከለከል ይችላል። ረቂቁ እንዲነበብልዎ ይጠይቁ፤ «ነባር ሕመሜ ተጠቅሷል ወይ?» ብለው ይጠይቁ። ካልተጠቀሰ በጊዜው ማሻሻል ይቻላል።

ለምን ይህን ያህል ይጠቅማል? ጉዳዩ ዳኝነት ሰሚዎች (ጁሪ) ፊት ሲደርስ ዳኛው ከሚሰጣቸው መመሪያ አንዱ፣ ተከሳሽ ነባሩን ሕመም ሳይሆን የተባባሰበትን መጠን ይክፈል ይላል። ሌላው ደግሞ፣ በነባር ሁኔታው ምክንያት ለጉዳት የተጋለጠ ሰው፣ ጤነኛ ሰው ያን ያህል ባይጎዳም፣ ለደረሰበት ሙሉ ጉዳት ይካሳል ይላል። የትኛው እንደሚነበብ በክስ ወረቀቱና በሐኪሙ ምስክርነት ይወሰናል።

ደረጃ 10፦ የመሐላ ምርመራና የተከሳሹ ሐኪም

*ዲፖዚሽን።* በተከሳሹ ጠበቃ በመሐላ ይጠየቃሉ። አማርኛ የሚቀናዎት ከሆነ በአማርኛ ይመስክሩ፤ «እንግሊዝኛ እችላለሁ» ብሎ መኩራት የሚያስከፍልበት ቦታ ቢኖር ይህ ነው። «ከዚህ በፊት አንገትዎን አሞዎት ያውቃል?» ሲባሉ የደረጃ 3ን ወረቀት ያስታውሱ፦ አዎ፣ መቼ፣ ማን አከመኝ፣ መቼ አበቃ። የማያስታውሱትን «አላስታውስም» ይበሉ፤ «የለም» አይበሉ። የቃልዎ ጽሑፍ ሲላክልዎ ለማረም ያለው ጊዜ 60 ቀን ነው፤ ለእያንዳንዱ እርማት ምክንያት ይጻፋል። አስተርጓሚው ሲያስተረጉም አደናቅፎ ከነበረ ለመናገርም ጊዜው ይኸው ነው። በኋላ ቃሉን የሚያፈርስ ሌላ የመሐላ ቃል ማምጣት አይሠራም፤ ፍርድ ቤት አይቀበለውም።

*ማኅበራዊ ሚዲያ።* በ2018 የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ ለጓደኛ ብቻ የተከፈተ የፌስቡክ ይዘትም ከጉዳዩ ጋር ከተያያዘ እንዲቀርብ ሊታዘዝ ይችላል ብሏል። ሠርግ ላይ እስክስታ የመቱበት ቪዲዮ የሚቀርብበት ቦታ አለ ማለት ነው። ክስ ካለ በኋላ ግን አይሰርዙ፤ ማስረጃ ማጥፋት ራሱን የቻለ ቅጣት ያመጣል። አዲስ ከመለጠፍ ይቆጠቡ፣ ያለውን ለጠበቃዎ ያሳዩ።

*የተከሳሹ ሐኪም ምርመራ።* ጠበቃዎ ወይም እርሱ የሚልከው ሰው አብሮዎት መግባት ይችላል፤ ይጠይቁ። የገቡበትንና የወጡበትን ሰዓት፣ መሣሪያ ይዞ መለካት አለመለካቱን ይመዝግቡ። የሚችሉትን ያህል ይንቀሳቀሱ፤ አያስመስሉ፣ ራስዎንም አያስገድዱ። ብዙ ጊዜ የተከሳሹ ሐኪም ራሱ ውስንነት ለክቶ ይጽፋል፤ ያ ሲሆን የተከሳሹ አቤቱታ በዚያው ሊወድቅ ይችላል።

ደረጃ 11፦ የሐኪሙ የማረጋገጫ ቃል

መዝገቡ ለችሎት ዝግጁ ነው የሚለው ማስታወቂያ ከገባ በኋላ ተከሳሹ ቢበዛ በ120 ቀን ውስጥ፣ ዳኛው ካሳጠረው ከዚያም ባጠረ ጊዜ፣ «ሰመሪ ጀጅመንት» ይጠይቃል፤ ያለ ችሎት ክርክር ይዘጋልኝ ማለት ነው። ክስዎ የሚተርፈው ወይም የሚሞተው በዚህ ነው። ሐኪሙ የሚጽፈው ቃል እነዚህን ይዟል ወይ ብለው ከጠበቃዎ ጋር አንድ በአንድ ያረጋግጡ፦

1. ያነበባቸው ሰነዶች ዝርዝር፣ ከአደጋው በፊት ያሉትን ጨምሮ
2. የመጀመሪያው ምርመራ ቀንና ግኝት
3. የቅርብ ጊዜው ምርመራ፣ ከመደበኛው ጋር በተነጻጸረ ቁጥር
4. ዘለቄታ ያለው መሆን አለመሆኑ
5. ለተከሳሹ ራዲዮሎጂስት ስም ጠርቶ የሚሰጥ መልስ
6. ለሕክምና መቋረጥ ምክንያት

አምስተኛው ላይ ነው ብዙ ሐኪም የሚሰናከለው። «በእኔ አስተያየት ጉዳቱ በአደጋው የመጣ ነው» የሚል መደምደሚያ ያለ ምክንያት ይጣላል። መሆን ያለበት ከዚህ ጋር ይቀራረባል፦ «ታካሚው የዲስክ መድረቅ እንደነበረበት ከ2019 ምስል አይቻለሁ። ያ ምስል ግን ሄርኒየሽን አያሳይም። ከዚያ በኋላ ሕክምና አልፈለገም፤ ሙሉ ሰዓት ይሠራ ነበር። ወደ ክንድ የሚወርደው ሕመምና የጡንቻው ድካም የጀመረው ከአደጋው ወዲህ ነው፤ በምስሉ ላይ ከሚታየው አዲስ ሄርኒየሽን ደረጃ ጋርም ይገጥማል። ዕድሜ የሚያመጣው ለውጥ በአንድ ቀን እንዲህ አይገለጥም።» ቃላቱ የሐኪሙ ይሁኑ፤ እውነት ካልሆነም አይጻፉ።

ማንሃተንና ብሮንክስ ያሉ መዝገቦች የሚሄዱበት የመጀመሪያው የይግባኝ ምድብ በዚህ ጥያቄ ላይ በተለይ ጥብቅ ነው። ብሩክሊን፣ ኩዊንስና ስታተን አይላንድ የሁለተኛው ናቸው፤ እዚያም ቢሆን ዝምታ ያስጥላል።

*ቅርጹ።* ያልተማለበት የሐኪም ሪፖርት ማስረጃ አይሆንም። ከጃንዋሪ 1፣ 2024 ጀምሮ ማንም ሰው፣ ካይሮፕራክተርንም (አከርካሪን በእጅ የሚያክም ባለሙያ) ጨምሮ፣ ያለ ኖተሪ በሐሰት ምስክርነት ቅጣት ሥር መሆኑን የሚገልጸውን የሕጉን ቃል ጽፎ መፈረም ይበቃዋል። ቃሉ ግን ሕጉ እንዳስቀመጠው መሆን አለበት፤ «እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ» ብሎ ብቻ መፈረም በቂ አይደለም።

ደረጃ 12፦ በአማርኛ የተሰጠ ቃልና ሰነድ

እርስዎ፣ ባለቤትዎ ወይም የሥራ ባልደረባዎ «ከአደጋው በፊት እንዲህ ነበር፣ አሁን እንዲህ ሆነ» የሚል የመሐላ ቃል ሲሰጡ፣ እንግሊዝኛ ካላነበቡ በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ ወረቀት ላይ ብቻ አይፈርሙ። የኒው ዮርክ የሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 2101 በሌላ ቋንቋ ያለ ቃል ወይም ሰነድ ከእንግሊዝኛ ትርጉም ጋር፣ እንዲሁም ተርጓሚው ችሎታውንና የትርጉሙን ትክክለኛነት ከገለጸበት የመሐላ ቃል ጋር እንዲቀርብ ያዝዛል። ይህ ሦስተኛ ወረቀት ጎድሎ ስንት ጥሩ ምስክርነት ከመዝገብ ወጥቷል።

አሠራሩ፦ ቃሉን በአማርኛ ይስጡ፤ ተርጓሚው ይተርጉም፤ በአማርኛ ተነቦልዎ ይፈርሙ፤ ተርጓሚው የራሱን ቃል ይፈርም። ተርጓሚው ከክሱ የሚጠቀም ዘመድ ባይሆን ይሻላል። የአገር ቤት የሐኪም ወረቀትም በዚሁ መንገድ ያልፋል፤ የዘመን አቆጣጠሩ ለውጥ በተርጓሚው ቃል ውስጥ ይጠቀስ።

መዝገቡ ከተዘጋ

ትእዛዙን ያንብቡት፤ ዳኛው የትኛውን ጉድለት እንደጠቀሰ ይለዩ። የወደቁት በቅርጽ ከሆነ፣ ለምሳሌ የተርጓሚ ቃል ጎድሎ፣ አሳማኝ ምክንያት ካለ ጉድለቱ ተሟልቶ እንደገና እንዲታይ ዳኛውን መጠየቅ ይቻላል። የወደቁት ሐኪሙ ነባሩን ሕመም ባለመመለሱ ከሆነ በይግባኝ አዲስ የሐኪም ቃል ማስገባት አይቻልም፤ ይግባኝ ሰሚው የሚያየው የነበረውን መዝገብ ነው። ይግባኝ የማስታወቂያው ጊዜ ትእዛዙ መዝገብ ቤት መግባቱን ከሚገልጽ ማስታወቂያ ጋር ከደረሰ ጀምሮ 30 ቀን ነው፤ ጠበቃዎ ወረቀቱ የደረሰበትን ቀን በዚያው ዕለት እንዲነግርዎ ይጠይቁ።